የመስኮቱ ፍርድ

አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ መስኮት ነበረው። ታሪኩ ይኸው ነው ብዬ ባሰናብትህ ደስ ባለኝ፤ አንተ ግን በዚህ ብቻ የምትለቀኝ አይመስለኝም። ገና ከደጅ ስትገባ ፊትህን አይቼዋለሁ። እህትህ ወደ ወንዙ የምትወርድበት መንገድ በአንተ መሬት ላይ ስለሚያልፍ ማጠር ትችላለህ ተብሎ ትናንት ተፈርዶልሃል። ዛሬ ደግሞ በጠዋቱ መጥተህ «መምህር፣ ሕግ የሰጠኝን ብወስድ በደል አለብኝ ወይ?» ትለኛለህ። የተፈረደበት ሰው ሲያጉረመርም ብዙ ሰምቻለሁ፤ የተፈረደለት ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲመጣ ግን ልቤ ደስ ይለዋል፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ተቀመጥና አድምጠኝ።

ሰውየው ኤልቃና ይባል ነበር። የኖረው ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ውሃ ላይ በተሠራች አንዲት የባሕር ከተማ፣ በአይሁድ ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ ዙሪያውን በቅጥር የተከበበ ነበር። የከተማዪቱ ገዢዎች አይሁድ ከዚያ ቅጥር ውጭ አንዲት ጎጆ እንኳ እንዳይቀልሱ ከልክለዋል። ሰው ግን ይወልዳል፣ ልጆቹም ያገባሉ። ቤቱ ወደ ጎን መስፋት ስላልተፈቀደለት ወደ ላይ ይወጣል። በአባት ቤት ላይ የልጅ ቤት፣ በልጅ ቤት ላይ የልጅ ልጅ ቤት ይደረባል። ከታች ቆመህ ሽቅብ ብታይ፣ ሰማዩ በቤቶቹ መካከል እንደ መቀነት ቀጥኖ ነው የሚታይህ። ከባሕሩ ጉም ሲነሣ ደግሞ እሱም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሰዎች ደረጃው ላይ የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነበር።

ኤልቃና ጸሐፊ ነበር። የኦሪትን መጽሐፍ በብራና ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ በእጁ ይጽፋል። ሥራው ጥድፊያ አያውቅም፤ አንድ ፊደል ከሌላው ቢነካካ ወይም አንዱ ቢጎድል መጽሐፉ አይነበብም። በዚያን ጊዜ የያዘው ሥራ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠብቀው ነበር። የምኩራቡ አሮጌ መጽሐፍ ፊደሉ እየረገፈ ስለ ሄደ አዲሱን እንዲጽፍ የመረጡት እሱን ነው። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል።

መስኮቱ የአባቱ መስኮት ነው። ከፊት ለፊቱ ጠባብ ግቢ አለ፤ ከግቢው ማዶ ያለው ቤት ከእሱ ቤት በአንድ ፎቅ ስለሚያንስ ፀሐይ በዚያ ቤት ጣራ ላይ ዘላ ወደ ኤልቃና ክፍል ትገባለች። ጠዋት መጀመሪያ ከታች ካለው ቦይ ውሃ ላይ የነጠረ ብርሃን መጥቶ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እውነተኛው ብርሃን ይገባና ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ እኩለ ቀን ላይ ብራናው ላይ ይደርሳል። ኤልቃና ብርሃኑን እንደ ሰው ይጠብቀው ነበር። ሚስቱ በመጨረሻ ሕመሟ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቶላት፣ እጇን ብርሃኑ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን እያገላበጠች ታይ ነበር። ያረፈችውም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ብርሃኑ ሲገባ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የምነግርህ።

ከማዶ ያለችው ጎረቤት ጽሩያ ትባላለች። ሸማኔ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቱ ለአንድ የመርከብ ሸራ ሰፊ ታጭታለች፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚያድሩበት ቦታ የለም። የጽሩያ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ የዚያንም እኩሌታ የሽመና ዕቃዋ ይዞታል፤ እናትና ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚተኙት። በሰፈሩ ውስጥ የሚከራይ ክፍል ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። እጮኛዋም ጨዋ ስለሆነ እንዲህ አለ፤ «እስከ ዳስ በዓል ክፍል ከተገኘ እዚሁ እንኖራለን። ካልተገኘ አጎቴ ጋ እንሄዳለን።» አጎቱ ያለው በመርከብ የዐሥራ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ጽሩያ ዐሥራ ሁለት ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ልጇ ከሄደች አትመለስም።

ስለዚህ ጽሩያ ጣራዋ ላይ አንድ ክፍል ልትሠራ ተነሣች። ጡብ አስመጣች፤ ግንበኛው ሦስት ረድፍ ደረደረ።

በሦስተኛው ረድፍ ቀን ኤልቃና እየጻፈ ሳለ ብራናው ላይ አንዲት ጥቁር መስመር አየ። ቀለም የፈሰሰ መስሎት በድንጋጤ ብዕሩን አነሣ። ቀለም አይደለም፤ የግንቡ ጥላ ነው። ጣቱን ጥላው ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። መስኮቱን ከፍቶ አየ፤ ጡቦቹን ቆጠረ፤ ሌላ ሃያ ረድፍ ሲጨመርበት ክፍሉ ምን እንደሚመስል አሰበ። ጽሩያን አልጠራትም። ግቢውን ተሻግሮ «ምን እያደረግሽ ነው?» ቢላት ስንት እርምጃ ነው? አልሄደም። በቀጥታ ወደ ችሎቱ ሄደ።

በዚያ ሰፈር ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በምኩራቡ ኦሪት ይነበባል፤ ዳኞቹም የሚቀመጡት በእነዚሁ ቀናት ነው። ሦስት ረቢዎች ናቸው። በመካከል የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን አልደከመም። የእነሱ ሥርዓት አንድ ደግ ነገር ነበረው። ነገሩን ከመስማታቸው በፊት ሁለቱንም ወገን «ስምምነት ትፈልጋላችሁ ወይስ ፍርድ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ስምምነት ካሉ ዳኞቹ ሁለቱን የሚያኖር ነገር ይፈልጋሉ፤ አንዱ እንኳ ፍርድ ካለ ግን ሕጉ ይከፈታል፤ ሕጉ ደግሞ ያለውን ይላል።

ጽሩያ ተጠየቀች። «ስምምነት» አለች።

ኤልቃና ተጠየቀ። «ፍርድ» አለ።

ሽማግሌው ዳኛ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ያልሰማ መስሎት ኤልቃና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት።

ሕጉ ግልጽ ነው። አንድ መስኮት ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቃወመው ከቆየ መብት ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ፊት ለፊቱ የሚያጨልም ግድግዳ ሊሠራ ከፈለገ አራት ክንድ መራቅ አለበት። የኤልቃና መስኮት ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ክፍት ነው። ግቢው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ክንድ ብቻ ነው። ጽሩያን «የምትይው አለሽ?» አሏት።

«መስኮቱ የእሳቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ አልክድም። ግን ጌቶቼ፣ ወደ ላይ ካልሆነ ወዴት ልሥራ?» አለች።

ለኤልቃና ተፈረደለት፤ ግንቡ ይፍረስ ተባለ።

ያን ዕለት ኤልቃና በደስታ ወደ ቤቱ ተመለሰ ብልህ ዋሽቼሃለሁ። አዝኖ ነበር ብልህም ዋሽቼሃለሁ። ልክ ነበር፤ የተሰማው ይኸው ነው፣ ልክ መሆን። ይህ ስሜት ሙቀት አለው፣ አንተም ትናንት ቀምሰኸዋል።

በማግሥቱ ጽሩያ ግንበኛ አልጠራችም። ቀሚሷን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ሦስቱን ረድፍ ጡብ አንድ በአንድ በገዛ እጇ አወረደች። ኖራው ደርቆ ስለነበር እየፈረፈረችው ግቢውን ነጭ አቧራ ሞላው። ኤልቃና መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ወደ ቀትር ላይ የመፈተግ ድምፅ ሰምቶ ቢከፍት፣ ጽሩያ ከጣራዋ ጠርዝ ተንጠራርታ የእሱን መስኮት ደፍ በእንጨት ጫፍ ባሰረችው እርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«ምን ያደርግልሻል? ተይው» አላት።

«አቧራዬ ነው፣ ጌታዬ። ብርሃኑ እንዳይቆሽሽብዎት ብዬ ነው» አለች። አሽሙር አልነበረበትም። ብታሾፍበት ኖሮ በሰላም ይተኛ ነበር። ደፉን ከዳር እስከ ዳር አጸዳች፣ ጨርቋን ጨምቃ ወደ ቤቷ ወረደች። ቆይቶ የሽመና ዕቃዋ እንደ ወትሮው ማንኳኳት ጀመረ።

አሁን የጸሐፊዎቹን አንድ ሥርዓት ልንገርህ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባህም። እነዚያ ጸሐፊዎች የፈጣሪን ስም የሚጽፉበት ቦታ ሲደርሱ ዝም ብለው አይጽፉም። ብዕሩን ያነሡና ድምፃቸውን አውጥተው «ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ልባቸው ሌላ ቦታ መሆን የለበትም። ልቡ የተከፈለበት ጸሐፊ ስሙን አይጽፍም፤ ቦታውን ለክቶ ባዶ ይተውና ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። በውሃ ታጥቦ፣ ልቡን ሰብስቦ ሲመለስ ይሞላዋል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ለራሱ የተተወ ነው።

ኤልቃና ከፍርዱ በኋላ መጻፍ ጀመረ። ብርሃኑ እንደ ድሮው ገባ፣ ግድግዳውን ይዞ ወረደ፣ ብራናው ላይ ደረሰ። ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ ብዕሩን አነሣና «ለስሙ…» ብሎ ቀጥ አለ። ውሃ ጠጥቶ ደገመው፤ አሁንም ቀሪዎቹ ቃላት አልወጡም። የሰማው ነገር ቢኖር የሽመናውን ድምፅ ብቻ ነው። ጉንፋን ይሆናል አለና ቦታውን ባዶ ትቶ አለፈ።

በዚያ ገጽ ሰባት ባዶ ቦታ ቀረ። በሚቀጥለው ዐሥራ አንድ። ታጠበ፤ በሰፈሩ ባለው የመንጻት ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠለቀ፤ ጾመም። ተመልሶ ሲቀመጥ ያው ነው። የቀረውን ቃል ሁሉ እጁ ያለ ስህተት ይጽፋል፤ እንዲያውም እንደዚያን ሰሞን አምሮለት አያውቅም። ስሙ ጋ ሲደርስ ግን አፉ ይዘጋል።

ቀናቱ እርስ በርስ ተቀላቀሉበት። የባሕሩ ጉም መጣ፤ ቀንና ማለዳ መለየት አቃተው። አንዳንዴ ብራናውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ባዶዎቹ ቦታዎች ከሌላው ይልቅ ደምቀው ይታዩታል። ብርሃኑ ሌላውን ጽሑፍ ትቶ እዚያ እዚያ ላይ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ፊደሎቹ በባዶው ዳርና ዳር ቆመው የሚጠብቁ ይመስሉታል። ሚስቱ እጇን ታገላብጥበት ወደነበረው ቦታ ያይና «ምን አደረግሁ?» ይላታል። ብርሃኑ እጅጌው ላይ ወጥቶ ወደ ክርኑ ይሄዳል።

አንድ ቀን በቀትር፣ ራሱን ጠረጴዛው ላይ እንዳስደገፈ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ምኩራቡ ሞልቶ አየ። መጽሐፉ አልቆ፣ ሐር ለብሶ መጥቷል። አንባቢው ከፍቶ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ ያማረ ነበር። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ሲደርስ አንባቢው ዝም አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። በዝምታው መካከል ጉሙ በበሩ ገባ። ቀጥሎ አነበበ፣ ዝም አለ፣ ጉሙ እስከ ጉልበት ደረሰ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም «ጸሐፊው የት አለ?» አላለም፤ ያስፈራው ይኸው ነው። ሁሉም እንደዚያ መሆን ያለበት ይመስል በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር። ከላይ፣ ሴቶች ከሚቀመጡበት ከእንጨት ፍርግርጉ ጀርባ፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅ ሰማ።

ነቃ። ብርሃኑ ከብራናው ላይ ሄዷል። በግቢው ማዶ ጽሩያና ልጇ የሙሽሪትን ልብስ ሳጥን ውስጥ እየጨመሩ ነው፤ ሳጥኑ የመርከብ ሳጥን ነው። ኤልቃና ቆሞ አያቸው። የዳስ በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር።

በዚያ ሰፈር አንድ የቆየ መብት አለ። በደል የደረሰበት፣ ፍትሕ ያጣ ሰው፣ መጽሐፉ ለንባብ ሲወጣ ተነሥቶ ንባቡን ያስቆማል። ጠረጴዛውን በእጁ ይይዛል፤ ነገሩ እስኪሰማለት ድረስ አንድ ቃል አይነበብም። ድሃ በባለጠጋ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መበለት፣ የሙት ልጅ። ሰው በዕድሜው አንዴ ቢያየው ነው።

ያን ሐሙስ መጽሐፉ ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ኤልቃና ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደና ጠረጴዛውን ያዘ።

ሰው ሁሉ ተንሾካሾከ። የተፈረደለት ሰው አይደለም እንዴ? ሽማግሌው ዳኛ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «የማን እጅ ነው?» አለ፤ ዓይኑ እንደደከመ ነግሬሃለሁ።

«የኤልቃና ነው፣ የጸሐፊው።»

«ከሳሹ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተከሳሹስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «ቀጥል» አለው።

«ባለፈው ጊዜ ‹ስምምነት ወይስ ፍርድ?› ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ፍርድ አልሁ። ጎረቤቴ ስምምነት ስትል ሰምቼ ነው ፍርድ ያልሁት። ያንን መልሴን ነው የምከሰው።»

«ፍርዱ ስህተት ነበረበት?»

«አልነበረበትም። ልክ ነው። የከበደኝም ለዚህ ነው፤ ስህተት ቢኖርበት በእናንተ አላክክ ነበር» አለ ኤልቃና። «ጌቶቼ፣ መጽሐፋችሁን እየጻፍሁ ነው። ሌላ የሚያቅተኝ ቃል የለም፤ ስሙን ብቻ መጻፍ አቃተኝ። መቶ አርባ ቦታ ባዶ ትቻለሁ። ታጥቤአለሁ፣ ጾሜአለሁ። አሁን ከመስኮቴ ማዶ ሳጥን እየታሰረ ነው። እባካችሁ እንደገና ጠይቁኝ።»

ሽማግሌው ሁለቱን ዳኞች ማማከር ነበረበት፤ አላማከረም። «ኤልቃና፣ ስምምነት ትፈልጋለህ ወይስ ፍርድ?» አለው።

«ስምምነት።»

ጽሩያን ከላይ ከሴቶቹ ቦታ አስጠሯት። ፊቷ አመድ መስሎ ወረደች፤ ሌላ ነገር የሚወሰድባት መስሏት ነበር። ዳኛው ነገሩን ሲነግራት ወዲያው አላመነችም፤ ኤልቃናን አየችው፣ ጠረጴዛውን አየችው። በእነሱ ሥርዓት ሰው መብቱን ለሌላው ሲለቅ ቃል ብቻ አይበቃም። መብቱን የሚቀበለው ሰው የራሱን ጨርቅ ይዘረጋል፤ የሚለቀው ሰው የጨርቁን ጫፍ ይዞ ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ያልቃል፣ ማንም አያፈርሰውም። ጽሩያ ወገቧ ላይ የምትሰካት የእጅ መጥረጊያ ነበረቻት፤ እሷን አውጥታ ዘረጋች።

«ብርሃኑን ምን ሊያደርጉት ነው?» አለችው በዝግታ። «ሥራዎ እኮ ነው።»

«አላውቅም፤ እፈልጋለሁ» አለና ጫፉን ይዞ ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ቀጠለ።

ክፍሉ ተሠራ። ልጅቱ ለዳስ በዓል ገባችበት፤ ሳጥኑ ተፈታ። የኤልቃና መስኮት ጨለመ። ከውሃው ላይ የነጠረው ብርሃን ብቻ ማለዳ ማለዳ ጣሪያው ላይ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ይሄዳል። ስለዚህ ብራናውን ተሸክሞ ወደ ምኩራቡ ላይኛ ፎቅ መውጣት ጀመረ፤ እዚያ በምሥራቅ በኩል ያለች አንዲት ጠባብ መስኮት ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ታበራለች። የመጀመሪያውን ቀን ባዶ የቀረበትን የመጀመሪያ ገጽ ዘረጋ፣ ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ ፊት ተቀመጠ፣ ብዕሩን አነሣና «ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ» አለ። ከአፉ እስኪወጣ ድረስ እንደሚወጣ እርግጠኛ አልነበረም። አንዱን ስም ጽፎ አለቀሰ፤ እንባው ብራናው ላይ እንዳይወድቅ ፊቱን ዞር አድርጎ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄደ።

ሦስት ዓመት የተባለው መጽሐፍ ስምንት ዓመት ፈጀ። አልተጸጸተም ብዬ ላስውብልህ እችል ነበር፤ ግን ተጸጽቷል። ክረምት ክረምት፣ ጠዋቱ ሲያጥርና ጉሙ ሲወፍር፣ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሞኝ ነህ» ይለው ነበር ራሱን። የሚስቱ ቦታ ብርሃን አጥቶ ሲያየው ሆዱ ይባባል። ጽሩያም እግሩ ሥር ወድቃ አላመሰገነችውም፤ ሲገናኙ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፣ እሱም ያደርጋል፣ በቃ። የልጅቱ የመጀመሪያ ሕፃን ሲወለድ ግን ግቢው ጠባብ ስለሆነ ልቅሶው ከክፍሉ ውስጥ ያለ ያህል ይሰማው ነበር። ያን ጊዜ ኤልቃና እየተነጫነጨ ጆሮውን የጨለመው መስኮት ላይ ያደርግ ነበር ይባላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንተ ልምጣ።

ሕግ የሰጠህን ብትወስድ በደል አለብህ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። የለብህም። ዳኛው ልክ ነው፣ መሬቱ የአንተ ነው፣ ችካሉን ብትቸክል ማንም አይነቅልብህም። ኤልቃናም በደለኛ አልነበረም፤ ሕጉ ለእሱ ነበር። ግን አስተውል። ዳኞቹ ለኤልቃና የሰጡት መስኮቱን ነው፤ ጎረቤት አልሰጡትም፣ አልወሰዱበትምም፤ እሱን የመወሰን ሥልጣን የላቸውም። ለአንተም የሰጡህ መሬቱን ነው። እህት ያለው ወንድም ሆነህ ትኖር እንደሆነና እንዳልሆነ የሚፈርድ ችሎት የለም፤ እሱ ለራስህ የተተወ ነው፣ ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠይቅህም። ጸሐፊው ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጽፎ አንዷን ቃል ብቻ ነበር ያጣው። ያለ እሷ ግን የጻፈው ሁሉ መጽሐፍ አልሆነም።

አጥር ወይም አታጥር አልልህም፤ ዳኛህ አይደለሁም። ዛሬ ከዚህ ስትሄድ ችካሉን ይዘህ ወደ መንገዱ ውረድ። እህትህ ውሃ ቀድታ የምታልፍበት ቦታ ላይ ቁም። ከመቸከልህ በፊት ብዕሩን እንዳነሣው ሰው ሁን፤ ስሟን ድምፅህን አውጥተህ ጥራ፣ ልጅ ሳላችሁ እንደምትጠራት አድርገህ። ስሟ ከአፍህ ከወጣ ቸክለው። ካልወጣልህ ግን ወደ እኔ አትመለስ። መልሱን ያኔ ታውቀዋለህ፤ ቤቷም ከእኔ ቤት ይልቅ ይቀርብሃል።